ሰማያዊዋ አበባ ማን ናት? ማርች ላይ የሚወጡ መንታ የሚመስሉ አበቦችን መለየት

ጓሮዬ (ሜሪላንድ)
ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ባለፈው ሰመር ነው እዚህ ቤት የገባነው። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች አትክልት ወዳድ ነበሩ መሰለኝ፤ ማርች ሲገባ ያልተከልኩት ነገር ከየቦታው ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። አብዛኛው ሰማያዊ ነው፣ ቁመቱ ከስንዝር አይበልጥም። አጥሩ ስር አለ፣ ሳሩ መሃል አለ፣ ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ አለ፣ ደረጃው ጋም አለ። ከሩቅ ሁሉም አንድ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን አንዱ ደማቅ ነው፣ አንዱ ፈዘዝ ያለ፣ አንዱ ደግሞ ነጣ ብሎ ሰማያዊ መስመር አለው። ጎረቤቴ "ሁሉም ሲላ ነው" አለችኝ። የስልኬ አፕ አንዱኑ አበባ በሦስት ስም ጠራልኝ። ባለቤቴ ደግሞ ቅዳሜ ሳሩን ላጭድ ብሎ ማሽኑን አሰናድቷል። በምንድን ነው የምለያቸው? ልጆች ቢነኩትስ?

ቀይ አፈር (ቨርጂኒያ)
እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃችሁ። በመጀመሪያ ባለቤትሽን አስቁሚው፣ ምክንያቱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ቀለሙን ተይው። ሰማያዊ በጥላና በፀሐይ ይለያያል፣ ፎቶ ላይማ ጭራሽ አይታመንም። አንድ አበባ ቀንጥሺና መሃሉን እዪ። ጫፋቸው ላይ የአበባ ዱቄት የተሸከሙ ስድስት ክሮች አሉ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ክሮቹ ቀጫጭን ሆነው እርስ በርስ ተራርቀው ከቆሙ የሳይቤሪያ ሲላ ነው። የዚህ ፔታሎች (የአበባው ቅጠሎች) እስከ ታች ድረስ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን ብትስቢው ብቻውን ይነቀላል። አበባው አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። ከአንድ ስር ብዙ ግንድ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ላይ ግን አበባው ጥቂት ነው።

ክሮቹ ጠፍጣፋና ነጭ ሆነው መሃል ላይ ተጠጋግተው አንድ ሾጣጣ ነገር ከሠሩ ኪዮኖዶክሳ ነው። ፔታሎቹ ከታች ተጣብቀው አጭር ቱቦ ሠርተዋል፤ አንዱን ስትስቢ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ይሄኛው ቀና ብሎ ወደ ላይ ነው የሚያየው። መሃሉም አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ነው፣ ጠርዙ ሰማያዊ። ቅጠሉ ሁለት ብቻ ነው።

ክሮቹ ጭራሽ ተጣብቀው መሃል ላይ ትንሽ ነጭ ዘውድ ከሆኑ ደግሞ ፑሽኪኒያ ይባላል። ፔታሉ በጣም ፈዛዛ ሆኖ በእያንዳንዱ መሃል ደመቅ ያለ ሰማያዊ መስመር ወርዷል። ደረጃው ጋ ያልሽው እሱን ይመስለኛል፣ ግን ዘውዱን ሳታዪ አትመኚ።

እስቲ ሂጂና እዪልን።

ሚሚ ዲሲ
እኔ "ሰማያዊ አበባ" ብዬ ነው የምጠራቸው፣ ተጣልተንም አናውቅም 😄

ጓሮዬ (ሜሪላንድ)
ልጄን ይዤ ወጣሁ፣ የእሷ ዓይን ይሻላል ብዬ። አጥሩ ስር ያለው አንገቱን የደፋ ነው፤ ክሮቹ የተራራቁ ናቸው፣ ጣቴ ላይ የቀረው ዱቄት ግራጫ ሰማያዊ ነው! የአበባ ዱቄት ሁሌ ቢጫ ይመስለኝ ነበር። ፖስታ ሳጥኑ ጋ ያለው ወደ ላይ ያያል፣ መሃሉ ነጭ ነው፣ ሾጣጣውም አለ። ሳሩ መሃል ግን የሁለቱም መልክ ያለው ነገር አገኘሁ። ቀና ያለ ነው ግን ደማቅ፣ ነጩም ትንሽ ነው። እሱስ?

በረዶዬ (ስቶክሆልም)
እዚህ ኤፕሪል ላይ መናፈሻው ሁሉ በእነዚህ ይሸፈናል። ሲላውን የምለየው አንዳንዴ አበባውን ሳይሆን ንቧን አይቼ ነው። እግሯ ላይ የጫነችው ሰማያዊ ከሆነ ከሲላ ነው የመጣችው። ኪዮኖዶክሳ ዱቄቱ ቢጫ ነው።

የሁለቱም መልክ ያለው ያልሽው እውነትም የሁለቱ ዲቃላ ሊሆን ይችላል። ጎን ለጎን ከተተከሉ ይዳቀላሉ፣ ዲቃላው አትክልተኞች ዘንድ ከ1800ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይታወቃል። ስለዚህ አንዳንዱን "የትኛው ነው?" ብለሽ ብትጨነቂበትም ቁርጥ ያለ መልስ ላይኖረው ይችላል።

ጎረቤትሽንም አትቀየሚያት። ዛሬ ብዙ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ኪዮኖዶክሳን ራሱን የቻለ ወገን አያደርጉትም፣ ሲላ ውስጥ ጨምረውታል። ሱቅ ግን በድሮው ስም ይሸጣል። ይባስ ብሎ ሁለቱ የኪዮኖዶክሳ ዓይነቶች፣ ሉሲሊያና ፎርብስ፣ በተለዋወጠ ስም ለብዙ ዘመን ተሸጠዋል። አንድ ግንድ ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ትልልቅ አበባ ካለ ሉሲሊያ ነው። አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ ፎርብስ ነው። ፓኬቱ የሚለውን አትስሚ።

ቀይ አፈር (ቨርጂኒያ)
በረዶዬ ልክ ነው። እኔ ግን ስሙ ቢቀላቀልም መለየቱን አልተውም። በሳር መሃል የሚያሳዩት ጠባይ የተለያየ ነው። ሲላ ዘሩን በትኖ ይሄዳል፣ አጥር አያቆመውም።

በቀለች (ሚኒሶታ)
አዎ በሉ። እዚህ ሲላ እንደ ወራሪ ነው የሚታየው። ቅዝቃዜ አይፈራ፣ ጥላ አይፈራ፣ ስኩዊረልም አይነካው። ከጎረቤት ግቢ ተነስቶ ጫካ ገብቷል። ለመንቀል ስትሞክሩ ግንዱ ይበጠስና ኮረቱ (ሽንኩርት የመሰለው ስሩ) አፈር ውስጥ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ሰላም ይላችኋል። ሜሪላንድ ላይ ያን ያህል ላይሆን ይችላል፣ ቢሆንም አበባው ሲረግፍ ዘሩ ሳይበስል ፍሬውን ቁረጪ።

ጓሮዬ (ሜሪላንድ)
ደረጃው ጋ ያለውን አየሁት። ፈዛዛ፣ መስመር ያለው። ዘውድ ግን አላየሁም። ልጄ "ባዶ ነው እማዬ" አለችኝ።

ቀይ አፈር (ቨርጂኒያ)
ልጅሽ ጎበዝ ናት። ዘውድ ከሌለው ፑሽኪኒያ አይደለም። ይሄ ሲላ ሚሽቼንኮአና የሚባለው ነው። ሁለቱ ከላይ ሲታዩ ቁርጥ አንድ ናቸው፤ ፈዛዛው ቀለም አንድ፣ መስመሩ አንድ። የሚለያቸው ያ ዘውድ ነው። ሌላ ምልክት፦ ሚሽቼንኮአና ገና አፈሩን ሰንጥቆ ሲወጣ፣ ግንዱ ሳይረዝም ነው አበባው የሚፈካው። ከሌሎቹ ቀድሞ ነው የመጣው አይደል?

ጓሮዬ (ሜሪላንድ)
ፌብሩዋሪ መጨረሻ! በረዶ ላይ!

የድሮ ሰው (አትላንታ)
ልጆቼ፣ ሳነባችሁ ቆየሁ። እኔ የማይበላ ነገር አልተክልም፤ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳም፣ በቃ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለቤቴ ስፕሪንግ ላይ ከሳሩ መሃል ቀጫጭን ሽንኩርት የሚመስል ቅጠል እየቀነጠበች ሰላጣ ላይ ታደርጋለች። ምንም ሆነን አናውቅም። እናንተ ከምትሉት ውስጥ እሱ አለበት?

ቀይ አፈር (ቨርጂኒያ)
ጋሼ፣ ደህና ነገር ጠየቁ። ለጊዜው እንዳይበሉት፣ መጀመሪያ ይዩት።

በእኛ አካባቢ ሳር ውስጥ በስፕሪንግ ሁለት የሚመሳሰሉ ቅጠሎች ይወጣሉ። አንደኛው የዱር ሽንኩርት ነው። ቅጠሉ ክብ ነው፣ ሲቆርጡት ውስጡ ክፍት ነው፣ ሲያሹት ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ይሄ ይበላል። ሁለተኛው "የቤተልሔም ኮከብ" የሚባለው ነው። ቅጠሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ነው፣ መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ነጭ መስመር አለው። ምንም ሽታ የለውም። ይሄ መርዝ ነው፣ ልብ የሚነካ መርዝ። ኮረቱም ትንንሽ ነጭ ሽንኩርት ስለሚመስል ቆፍሮ ማየቱ አይረዳዎትም።

አበባ ካወጣ በኋላ መለየት ቀላል ነው፤ የቤተልሔም ኮከብ ስድስት ፔታል ያለው ነጭ አበባ ነው፣ ጀርባው አረንጓዴ መስመር አለው፣ ረፋድ ላይ ተከፍቶ አመሻሽ ላይ ይዘጋል። ሰው ግን የሚቀነጥበው አበባ ሳይወጣ ነው፣ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ሁለቱ ደግሞ አንድ ቦታ ተደባልቀው ይበቅላሉ። እትዬ አንድ በአንድ ካላዩ በቀር በጭብጥ ባይቀነጥቡ ይሻላል።

ክሮከስ የሚባለው አበባ ቅጠልም ያው ነጭ መስመር አለው፣ እሱም ሽታ የለውም። ለማንኛውም ሽንኩርት የማይሸት ነገር ሽንኩርት ብለን አንብላ።

የድሮ ሰው (አትላንታ)
ሄጄ ቆረጥኩት። ክብ ነው፣ ክፍት ነው፣ ይሸታል። ባለቤቴ "እኔ ሽንኩርት ጠፍቶኝ!" ብላ ተቆጥታለች። ቢሆንም እግዜር ይስጥልን።

የፍራንክፈርቷ
የጋሼ ጥያቄ እዚህ ጀርመን በየዓመቱ ሰው ሆስፒታል የሚያስገባ ጉዳይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

ማርችና ኤፕሪል ላይ ሰው ጫካ ገብቶ ቤርላውህ ይለቅማል። ሰፋ ያለ ለስላሳ ቅጠል ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። የእኛ ሰዎችም ለምደውታል፣ አይብ ላይ የሚያደርጉት አሉ፣ ይጣፍጣል። ችግሩ በዚያው ሰሞን፣ አንዳንዴም በዚያው ቦታ፣ ሌሎች ሁለት ይወጣሉ። አንዱ ኮልቺከም ነው፣ ጀርመኖቹ ሄርብስትጻይትሎዘ የሚሉት። አበባው በመከር ነው የሚመጣው፣ ያኔ ቅጠል የለውም። ስፕሪንግ ላይ ደግሞ ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ አበባ የለውም። ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ውስጡ ያለው ኮልቺሲን የሚባል መርዝ ነው። ቢቀቀልም አይጠፋም። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ስለሚጀምር ሰው ከምግቡ ጋር አያያይዘውም፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ሰው ሞቶበታል። ሌላው ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ ነው፣ ያም የልብ መርዝ ነው።

የምለያቸው እንዲህ ነው። የቤርላውህ እያንዳንዱ ቅጠል የራሱ ቀጭን እግር አለው፣ ለብቻው ከአፈር ይወጣል። ገልብጬ ሳየው ጀርባው የማያብለጨልጭ ነው። ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ ላይ ሁለት ቅጠል ከአንድ ግንድ ይወጣል፣ ጀርባው ያብለጨልጫል። ኮልቺከም ደግሞ እግር የለውም፣ ቅጠሎቹ ጠንካራ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ተሸጉጠው ከአንድ ቦታ ይነሳሉ።

ሽታ ብቻ አይበቃም። የመጀመሪያዋን ቅጠል ካሸሽ በኋላ እጅሽ ራሱ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፣ ከዚያ ወዲያ የምትይዢው ሁሉ ይሸትሻል። የጀርመን ፌዴራል የአደጋ ምዘና ተቋምም ስለዚህ ነገር በተደጋጋሚ ያስጠነቅቃል። እኔ አንድ በአንድ እግሩን እያየሁ ነው የምለቅመው። የተጠራጠርኩትን እጥላለሁ።

ቀይ አፈር (ቨርጂኒያ)
ጥሩ ጽፈሻል። ኮልቺከም ሲያብብ ክሮከስን ይመስላል፤ ለመለየት ያው የአበባውን ክሮች መቁጠር ነው። ክሮከስ ሦስት፣ ኮልቺከም ስድስት። ይሄን የያዘ ሰው አይታለልም።

የለንደን ልጅ
እዚህ ደግሞ ዳፎዲል የሚባለው አበባ ነው ጣጣው። ኮረቱ ሽንኩርት ይመስላል፣ ያልፈካው ግንዱ ደግሞ የቻይና ቅጠላ ቅጠል ይመስላል። በ2015 የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ሱፐርማርኬቶችን "ዳፎዲልን ከአትክልቱ አጠገብ አታስቀምጡ" ብሎ በደብዳቤ ጠይቋል። ቤት ውስጥም ለመትከል የገዛችሁትን ከወጥ ሽንኩርት ጋር አንድ ቅርጫት ውስጥ አታድርጉ።

የእንግሊዞቹ ትልቁ ክርክር ግን ብሉቤል የሚባለው ሰማያዊ አበባ ነው። የአገሬው ብሉቤልና የስፔኑ። የአገሬው ጫፉ ወደ አንድ ጎን ያጎነብሳል፣ አበባው ቀጭን ቱቦ ሆኖ ከንፈሩ ወደ ኋላ ተጠቅልሏል፣ ዱቄቱ ነጣ ያለ ክሬም ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል። የስፔኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አበባው በዙሪያው ነው፣ አፉ ሰፊ ደወል ነው፣ ቅጠሉ ወፍራም፣ ዱቄቱ ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ። ዲቃላቸው ደግሞ ለንደን ግቢ ውስጥ ከሁለቱም ይበዛል። የአገሬውን ከጫካ ነቅሎ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ስለዚህ ርካሽ ሆኖ ያገኛችሁትን ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ።

ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ የእናንተ ብሉቤል ሌላ ነው አይደል?

ቀይ አፈር (ቨርጂኒያ)
ፈጽሞ ሌላ ነው። ዘመዱም አይደለም፣ ኮረትም የለውም። እንቡጡ ሮዝ ሆኖ ሲፈካ ሰማያዊ ይሆናል። ኤፕሪል ላይ በል ራን ፓርክ ወንዙ ዳር ሄዳችሁ እዩት፣ ከልጆች ጋር ለመሄድ ምቹ ነው።

ሚሚ ዲሲ
ነጮቹስ? ስኖውድሮፕና ስኖውፍሌክ የሚባሉት? ሁለቱንም ገዝቼ ስማቸው ጠፋብኝ።

የለንደን ልጅ
ስኖውድሮፕ ፔታሉ እኩል አይደለም። ሦስቱ ረጅም፣ ሦስቱ አጭር፣ አረንጓዴው ምልክት ያለው አጫጭሮቹ ላይ ነው። ስኖውፍሌክ ስድስቱም እኩል ናቸው፣ በየጫፋቸው አንድ አንድ ነጥብ አላቸው። ቁመቱ ጉልበት የሚደርስና አንድ ግንድ ላይ ብዙ አበባ ያለው፣ ኤፕሪል ላይ የሚመጣው፣ ትልቁ ስኖውፍሌክ ነው። ከስኖውድሮፕ ደግሞ ጋላንታሚን የሚባለው የአልዛይመር መድኃኒት መጀመሪያ ተገኝቷል። ይሄ ማለት ግን ኮረቱ ይበላል ማለት አይደለም፣ ጋሼ!

ታናሿ (ቤርሳቤህ)
እናንተ ሰማያዊ ትላላችሁ፣ እዚህ እስራኤል ቀይ ነው ችግሩ። ፌብሩዋሪ ላይ ሰው ሁሉ "ካላኒት" ለማየት ወደ ደቡብ ይነዳል፣ ግማሹ የሚያሳየኝ ፎቶ ግን የሌላ ነው።

አራት ቀይ አሉ። ካላኒት፣ ማለት አኔሞኒ፣ አበባው ስር ግንዱ ላይ የተበጣጠሰ አረንጓዴ ቅጠል በዙሪያው አለው። ኑሪት፣ ማለት ራነንኩለስ፣ ፔታሉ ቀለም የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል፣ ከስሩ አምስት ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች ተለጥፈዋል። ፔሬግ፣ ማለት ፖፒ፣ ሲፈካ ከስሩ ምንም አረንጓዴ አይቀርም፤ ፔታሉ አራት ነው፣ ስስና የተጨማደደ። ቱሊፑ ስድስት ፔታል አለው፣ ቅጠሉም ሰፊ ነው። አራቱ ተከታትለው ነው የሚመጡት፤ ካላኒት ትቀድማለች፣ ፖፒ መጨረሻ ነው።

ለምን እንዲህ ተመሳሰሉ ለሚል፦ የአበባ ዱቄታቸውን ካንዱ ወዳንዱ የሚያደርሰው ቀይ የሚወድ ጥንዚዛ ነው። ሁሉም እሱን ነው የሚጠሩት። ካላኒትን ደግሞ መቅጠፍ ክልክል ነው፣ ስለዚህ ጎንበስ ብላችሁ ከስር እዩ እንጂ አትቁረጡ።

ሸገር ልጅ (አዲስ አበባ)
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እዚህ ቱሊፕ ይበቅላል? ከውጭ የመጣ ሰው ኮረት ሰጥቶኝ ነበር።

በረዶዬ (ስቶክሆልም)
ብርድ ካላየ አይፈካም። ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠህ ነው የሚተከለው። ፍራፍሬ ካለበት ፍሪጅ ግን አታስገባው፣ በተለይ ፖም፤ የሚያወጣው ጋዝ ውስጡ ያለውን እንቡጥ ይገድለዋል። ለሚቀጥለው ዓመትም እንደገና ማቀዝቀዝ ነው፣ ልፋት ነው። እኔ ብሆን ብርድ የማይጠይቀውን የአገሩን እመርጣለሁ። ዝናብ ሲጀምር ክብ ቀይ አበባ የሚያወጣው ስካዶክሰስ የአገራችን ነው። በየአካባቢው "የጅብ ሽንኩርት" የሚባሉት ግን ብዙ ዓይነት ስለሆኑ ስሙን ሰምተህ ብቻ አትግዛ፣ አበባውን እይ።

ጓሮዬ (ሜሪላንድ)
አንድ ጥያቄ ጠይቄ ስንት ነገር አወቅኩ። ቀይ አፈር፣ ማጨጃውን ለምን አስቁሚ እንዳልሽኝ አልነገርሽኝም። ባለቤቴ ቆሞ እየጠበቀ ነው።

ቀይ አፈር (ቨርጂኒያ)
ልክ ነሽ፣ ጨዋታው ወሰደኝ። ኮረቱ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆነውን ምግብ የሚሰበስበው አሁን ባለው ቅጠል ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን ከታጨደ በሚቀጥለው ዓመት አበባው ይቀንሳል፣ ከተደጋገመ ጭራሽ ይጠፋል። አበባው ከረገፈ በኋላ ስድስት ሳምንት ያህል ይታገስ። ትንንሾቹ ሰማያዊዎች ቶሎ ስለሚደርቁ ሜይ አጋማሽ ላይ ማጨድ ይችላል። አጥሩ ስር ያለው ሲላ እንዳይስፋፋ ከፈለግሽ ግን ቅጠሉን ትተሽ ፍሬውን ብቻ ቁረጪ።

ስለ ልጆቹ፦ መንካት አይጎዳም። መዋጥ ግን የለም፣ በተለይ ኮረቱን። እጃቸውን ይታጠቡ።

አንድ ዘዴ ልጨምር። ኦክቶበር ላይ ሙስካሪ ግዢ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተጠቀጠቀችውን ሰማያዊ። ቱሊፕና ዳፎዲል የቀበርሽበት ላይ ትከያት። ቅጠሏን የምታወጣው በመከር ስለሆነ ኮረቶቹ የት እንዳሉ ታመለክትሻለች፣ በአካፋ አትቆራርጪያቸውም።

ጓሮዬ (ሜሪላንድ)
እሺ፣ ማሽኑ ጋራዥ ገባ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጓሮው ውሃ የሚቆምበት ጥግ ላይ ቢጫ አበባ አለ፣ መሬቱን ሸፍኖታል። ቅጠሉ ልብ ቅርጽ ነው፣ ያብለጨልጫል። እሱንም ልተወው?

ቀይ አፈር (ቨርጂኒያ)
አበባው ስር በዙሪያው የተቆራረጠ አረንጓዴ ቅጠል ካለው የክረምት አኮናይት ነው፣ ተይው። ከሌለው፣ በተለይ ቅጠሉ ልብ ከመሰለ፣ ሌሰር ሴላንዲን ሊሆን ይችላል። እሱ እዚህ አካባቢ ትልቅ ወራሪ ነው፣ የዲሲውን ሮክ ክሪክ ፓርክ ያስቸገረው እሱ ነው። አንዱን ቆፍረሽ አውጪ። ስሩ ላይ ትንንሽ ድንች የመሰሉ እብጠቶች ካሉ እሱ ነው። ስትነቅይ እያንዳንዷ እብጠት ራሷን ችላ ስለምትበቅል ከነአፈሩ አንሺውና በላስቲክ አስረሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣይው። ኮምፖስት ውስጥ እንዳይገባ።